ለወገብ የዋጡት፣ ከጨጓራ ሐኪም የደበቁት

ያን ሰኞ ጠዋት በልብስ ስፌት ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ልብስ ሰፊው፣ ባለቤታቸውና ቀሚሷን ልታሳጥር ጎራ ያለችው የእህታቸው ልጅ። ልጅቷ አስተማሪ ናት። ልብስ ሰፊው ሊስሟት ብድግ ሲሉ ሆዳቸውን ይዘው መልሰው ተቀመጡ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ምንም። ጨጓራ ነው። ጨጓራ የሌለበት ሰው አለ?»

ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው «ሆድ ይፍጀው ሲል ይኸው ሆዱን ፈጀው!» አሉ። «ሽሮፑንማ እንደ ውኃ ይጨልጠዋል።»

«ሐኪም አላዩም?» አለች አስተማሪዋ።

«የሰፈሩን ክሊኒክ ሁሉ አዳረስኩ። ሁሉም ነጭ ጋዋን ለባሽ፣ ሁሉም ሽሮፕ አዛዥ።»

«ጋሼ፣ የተቀደደ ጫማ ባመጣልዎ ይሰፉልኛል?»

«ምነው፣ ጫማ ሰፊ ጠፋ?»

«መርፌና ክርማ ሁለታችሁም ትይዛላችሁ።»

ልብስ ሰፊው ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«ሐኪምም እንደዚያው ነው» አለች። «የጨጓራና የአንጀት ስፔሻሊስት አለ። በዚህ ሰፊ ከተማ ታፔላ እያዩ ቢዞሩ አያገኙትም። ለጤና ጣቢያው ሐኪም ሁሉን ይነግራሉ፤ እሱ ወደ ስፔሻሊስቱ ይልክዎታል።»

«ሁሉን?» ልብስ ሰፊው ወደ መጋረጃው ሰረቅ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰገራዬ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ይሄ ለሰው ይነገራል?»

አስተማሪዋ እጃቸውን ያዘች። «ለእኔ ነገሩኝ እኮ። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ለወገቤ ብቻ። ማሽን ላይ አጎንብሼ ስለምውል ጠዋት ማታ ማስታገሻ እውጣለሁ።»

«ይህን ለሐኪሞቹ ነግረዋቸዋል?»

«የወገብ ነገር ለጨጓራ ሐኪም ምን ይሠራለታል?»

የብዙዎቻችን ስሕተት ይህ ነው። ገላችን ተቆርጦ ገና ያልተገጣጠመ ጨርቅ ይመስል፣ እጅጌውን ለአንዱ፣ ኮሌታውን ለሌላው እናሳያለን።

«ማስታገሻው እኮ ጨጓራ ያቆስላል» አለች አስተማሪዋ ፊቷ ተለዋውጦ። «የጠቆረ ሰገራ ደግሞ ቁስሉ እየደማ ይሆናል። ጤና ጣቢያ ያልኩትን ይተዉት፤ አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ። ስፔሻሊስቱን እዚያው እናገኛለን።»

«ጨጓራዬን ለማየት ብለው ካሜራ በጉሮሮዬ ሊከቱ? እዚያው ብቀርስ?»

መጋረጃው ተገለጠ። ባለቤታቸው ሁሉንም ሰምተዋል።

«ስንት ዘመን አብረን ኖረን ከእኔ ትደብቃለህ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«ይኸው ደነገጥኩ። በል ተነሥ።» ሜትሩን ከአንገታቸው ላይ ቀስ አድርገው አወለቁላቸው። ልብስ ሰፊው ኮታቸውን ደርበው ተነሡ።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ስፔሻሊስት የእህታቸው ልጅ እኩያ ነበረች። አንገታቸውን ደፍተው ቢሆንም አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። በካሜራ አይታ የሚደማውን ቁስል አገኘች፤ ደሙንም አቆመችው። ማስታገሻውን አስቁማቸው ለወገባቸው ሌላ መድኃኒት አዘዘችላቸው፤ ከማሽኑ እየተነሡ እንዲንጎራደዱም መከረቻቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሳይደብቅ ለሚገባው ባለሙያ የነገረ ግን ሕመሙ ይቀልለታል፣ ቤተሰቡም እፎይ ይላል።

ልብስ ሰፊው ሐሙስ ዕለት ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው ሱቁ እስከ ሰኞ አይከፈትም አሉ፤ አልተከፈተም።