ጠበል የፈራው ኔትወርክ

ደብረ ታቦር በተከራየኋት ክፍል ለኔትወርክ ፈተና እለማመዳለሁ። ዋይፋዬ የተሰካባቸውን ሁለት አሮጌ ስዊቾች (የኔትወርክ ማከፋፈያ ሳጥኖች) በሁለት ኬብል አገናኘሁና፣ መልእክት በክብ እንዳይዞር የሚከለክለውን ትእዛዝ «እስቲ ምን ይመጣል?» ብዬ አጠፋሁት። የስዊቾቹ መብራቶች ሁሉ ባንዴ አበዱ። አከራዬ እማማ ጥሩዬ በዚሁ ዋይፋይ ዱባይ ካለች ልጃቸው ጋር በስልክ ሲተያዩ ነበርና በሬን በርግደው ገቡ። «ልጄ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች! ምን አደረግህብኝ?» ብልጭታውን ሲያዩ አማተቡ። «ይሄማ ልክፍት ነው!» ከጣራ ገዳም ያመጡትን ጠበል በጀሪካን አንጠልጥለው ተመለሱ።

«ኧረ እማማ፣ ይቃጠላል!»

«ይቃጠል እንጂ! ሌላ ምን ልፈልግ!»

ዘልዬ አንዱን ኬብል ነቀልኩት። መብራቶቹ ሰከኑ፤ ከእማማ ስልክም «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። እማማ በኩራት አዩኝ። «አየህ፣ ገና ሳይነካው ለቀቀ!»

ኬብሉን ከጀርባዬ ደብቄ «አሜን» አልኩ።