በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የታረመው ዓረፍተ ነገር

የባለቤቴን ማረፍ ያረዱኝ ቀን እንባ እምቢ አለኝ። ሴቶቹ «ምነው ዓይኗ ደረቀ?» ሲሉ እሰማለሁ። እሱ እዚሁ ሐዋሳ ለሠራተኞች የማታ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። እሱ ዘንድ፣ በእንግሊዝኛ ሁለት ድርጊት ሲያወዳድሩ አንዱን በ«ኢንግ» ከጨረሱ ሌላውንም በ«ኢንግ» መጨረስ ግዴታ ነው፤ የተሳሳተ ካለ ክፍሉ በሙሉ ቆሞ በአንድ ድምፅ ያርመዋል።

ድንኳኑ ውስጥ ተማሪው የነበረ የአሞራ ገደል ዓሣ ነጋዴ ተነሣና «ለጋሼ ክብር በእንግሊዝኛ ልናገር» አለ። ጋሼን መስማት ዓሣ ከመብላት ይሻላል ለማለት ፈልጎ፣ «ሊስኒንግ ቱ ጋሼ ኢዝ ቤተር ዛን ቱ ኢት ፊሽ!» አለ። ተማሪዎቹ በሙሉ ከየአግዳሚው ብድግ ብለው «ዛን ኢቲንግ ፊሽ!» ሲሉ ድንኳኑን አናወጡት። የቀበሌው ሊቀመንበር መፈክር መስሏቸው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ።

ሳቄ አመለጠኝ። አክስቴ «ኧረ በሕግ አምላክ፣ ሰው ምን ይላል!» ብለው ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳቡብኝ። እኔ ግን በልቤ «ባለቤቴ ማታ ሲገባ ይህን ስነግረው እንዴት ይስቅ ይሆን!» እያልኩ ነበር። ያሰብኩት ነገር ሲገባኝ ነው እንባዬ የፈነዳው።

ይህን አንብባችሁ ፈገግ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ነፍሱን እንዲምርልኝ አምላክን ለምኑልኝ።