አሮጌው ፓራፋንጎ
የአባቴን ቮልስ የፊት ጎማ መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎውን፣ ያሰረጎደው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ መንዳት ሲለማመድ ከግቢያችን በር ጋር አላተመው። በደርግ ጊዜ ወንድሜን ወስደው ሲገድሉት ማልቀስም ተከለከልን። አባቴ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ሲወለውል እጁን ስርጉዱ ላይ ያቆያል እንጂ ሌላ ለቅሶ አላየሁበትም።

ፓራፋንጎው ዝጎ ጎማውን መንካት ሲጀምር፣ እዚሁ ናዝሬት ቱሉ የሚባል ላሜራ ቀጥቃጭ ጋ ወሰድነው። ቱሉ ከሞጆ በሚያስመጣው ሌላ ፓራፋንጎ ሊቀይረው ተስማማ።

«አሮጌውን ግን እወስደዋለሁ» አለ አባቴ።

«ይሸጥብኛል ብለው ነው ጋሼ? ሁላችሁም አሮጌ ዕቃችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሌባ አደረጋችሁን እኮ!» ብሎ ሳቀ ቱሉ።

አባቴ ምክንያቱን አልነገረውም፤ ያኔ ለማያውቁት ሰው የሚነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ሌላው ፓራፋንጎ ተገጥሟል። ቱሉ አሮጌውን ከጓሮ ይዞልን መጣ። ስርጉዱ የለም።

«መቼም ለመጠባበቂያ ፈልገውት ነው ብዬ ቀጥቅጬ አቃናሁት። ይቺ ከእኔ ናት» አለ ደስ ብሎት።

አባቴ መዳፉን ላሜራው ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተ ፈለገ፤ ምንም አላገኘም።

«እጅህ ይባረክ» አለው።

ከዚያ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ፣ ፓራፋንጎውን ታቅፎ ከኋላ ተቀመጠ። ማልቀስ መከልከሉን የረሳው ያን ቀን ነው።