ዘምዘምን ልመልስ አዲስ አበባ የሄድኩ ለት

በእኛ አገር የሴት ልጅ ክንድ የሚታወቀው ማማ ላይ ነበር። ማሽላው ሲያሽት ወፉ ይወርድበታል፣ እና ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ማማው ላይ ይውላሉ፣ ሴቱም ወንዱም። ታዲያ ይቺ የልጅ ልጄ ዘምዘም፣ እኔው ያሳደግኳት፣ ወላሂ እላችኋለሁ፣ ወፏን ከየትኛው የማሽላ ራስ ላይ እንደምታነሳት አስቀድማ ነግራችሁ ነው የምትወነጭፍ። አርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ የእሷን ክንድ የማያውቅ ወፍ አልነበረም!

እና ሐይቅ ከተማ ትምህርት ቤት ገባች። አንድ የስፖርት አስተማሪ ስትወረውር አያትና፣ "ይቺ ልጅ ቤዝቦል ትጫወት" አለ።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኩት።

"አባባ፣ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ መትቶም ይሮጣል።"

"መትቶ የሚሮጥ እኛ አገር ጥፋተኛ ነው" አልኩት። ሳቀ።

ታዲያ ቀልድ መስሎኝ ዝም ብል፣ ትምህርቷን ጨርሳ አዲስ አበባ ተጠራች፣ ለሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን። እኔ ደግሞ ውጫሌ ላለው ወዳጄ ለአሊ፣ ዘምዘምን ለልጁ ልድርለት ቃል ገብቻለሁ። ቃል ስላችሁ፣ ስሙኝ፣ ለጸሎት ተሰብስበን ወዳጃ ተቀምጠን፣ ዱዓ ተደርጎበት፣ ሰው ሁሉ አሚን ያለበት ቃል ነው። ታዲያ አሊ በገበያ በገበያው ሰው ይልክብኛል፤ "ልጅቱ የት ደረሰች?" ይላል። "ሄጄ አመጣታለሁ" ብዬ መኪና ተሳፈርኩ።

የደረስኩ ለት ጨዋታ አለ፣ ከውጭ ከመጡ ሴቶች ጋር። ዳር አስቀመጡኝ። ዘምዘም ሻሿን አጥብቃ፣ ዱላውን ይዛ ቆመች። አንዲት የውጭ ልጅ ኳሷን ወረወረች፣ እና የእኛዋ ጧ! አደረገቻት፣ እና ኳሷ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች፣ አጥሩን አልፋ ጠፋች። ሰው ብድግ ብሎ ይጮሃል። "ያረቢ፣ የሰው ኳስ ጣለችባቸው!" አልኩ። እኛ ጋ ልጅ የሰው ዕቃ ከጣለ፣ ፈልጎ የሚመልስ ትልቁ ሰው ነው። እና በትሬን ይዤ ወጣሁ፤ ከአጥሩ ኋላ ቦይ አለ፣ ሣሩን እየገለጥኩ ስፈልግ፣ ስፈልግ ቆይቼ አገኘኋት። በጋቢዬ ጠራርጌ ለዳኛው፣ "አፉ በሉን፣ ልጅ ናት፣ ይኸው ምንም አልሆነች" አልኩት። ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ! ለካ አጥር ማሻገሩ፣ አሻግሮም ሜዳውን ዞሮ መሮጡ ነው ትልቁ ነገር፤ በዚያችው ምት ነው የእኛዎቹ ያሸነፉ።

ዘምዘም ብቻ አልሳቀችም።

"አባባ፣ ስሮጥ በዓይኔ እርስዎን ነበር የምፈልግ። መቀመጫዎ ባዶ። ተቆጥተው የሄዱ መሰለኝ" ብላ ታለቅሳለች። ኋላ እንባዋን ጠረገችና፣ "ሊወስዱኝ እንደመጡ አውቃለሁ። ካሉኝ እመጣለሁ። ቃልዎን አላሳጥፍዎትም" አለች።

ብትሟገተኝ እኮ ይሻለኝ ነበር! "አርፈሽ ተጫወቺ" አልኳት። "ቃሉ የኔ ነው፣ የማጥፈውም እኔ ነኝ።"

ታዲያ ቃል ማጠፍ ቀላል መሰላችሁ? ጎረቤቴን መሪጌታን ሽማግሌ ይዤ ውጫሌ ሄድኩ። አሊ ፊቱን አጠቆረ።

"አሚን ያልንበትን?"

"አዎ አሊ፣ አሚን ያልንበትን።"

ኋላ፣ "ለመሆኑ እዚያ ምን ትሠራለች?" አለ።

"ኳስ በዱላ ትመታለች።"

"ምን ያህል ትመታለች?"

"አጥር ታሻግራለች።"

አሊ ወደ ልጁ ዞረ፤ ልጁ እንግዲህ ቀጭን ነው፤ አየው፣ አየው፣ እና "እንኳን ቀረብን!" አለ። መሪጌታው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። እና ዱዓውን ያደረገላት ራሱ አሊ ነው፤ "ክንዷን ያበርታው" አለ፣ ሁላችንም አሚን አልን።

ከዚያማ ባሕር ተሻግራ ተጫወተች፣ አሸነፈችም፣ ተሸነፈችም። ኋላ ትከሻዋ እምቢ አላትና ተመለሰች፤ አሁን እዚሁ ሐይቅ ሴት ልጆች ታሰለጥናለች። ራሷ የወደደችውን አገባች፣ ባጃጅ ይነዳል፣ ደግ ልጅ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

እና በቀደም ትከሻዋን ቅቤ እያሸሁላት፣ "አባባ፣ በኔ የተነሳ ቃልዎን አጠፉ። አይቆጭዎትም?" አለችኝ።

"ይቆጨኛል እንጂ" አልኳት። "ያን ለት ኳሷን ፍለጋ ሄጄ፣ ስትሮጪ አላየሁሽም።"