ነፋስና የፊቱ ቸርኬ

ልብስ ሰፊዋ በአንድ እጇ የድልድዩን ብረት፣ በሌላው የብስክሌቷን መሪ ጨብጣ ቆማለች። ነፋሱ ከወንዙ እያፏጨ ይመጣል። ወደ ፊት መሄድ ፈራች፤ መመለስም አሳፈራት። እንዲህ እንዳለች ከማዶ የእህቷ ልጅ፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የምትማረው፣ በራሷ ብስክሌት ከተፍ አለች።

“አክስቴ! ምን ሆነሽ ነው?”

“ምንም። ወንዙን እያየሁ ነው።”

ልጅቱ ላግዝሽ ብላ የአክስቷን የጀርባ ቦርሳ ብታወርድ ከበዳት። ከፈተችው፤ የልብስ ካውያ።

“ካውያ ይዘሽ ወዴት ነው?”

“እኔ ላባ ነኝ፤ ነፋሱ እንዳይወስደኝ ክብደት ጨመርኩ። ምን ያስቅሻል?”

“እማዬ ግን ታማ አልጋዋ ላይ ሆና ‘እህቴ ረሳችኝ፣ ለቀብሬ ትመጣ ይሆናል’ ትላለች።”

 ሴትዮዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታነጋግረው የስፌት መኪናዋን ብቻ ነው። ነፋስ በነፈሰ እሁድ ሁሉ በሯን ዘግታ ለእህቷ “ሥራ በዛብኝ” ብላ ትልካለች። ፈራሁ ከምትል ሞቷን ትመርጣለች። ግትር ሰው ብቻውን የሚቀረው እንዲህ ነው።

“ጥፋቱ የቸርኬው ነው” አለች ልጅቱ፣ ጣቶቿን ከጎማው በታች ደርድራ። “እዪው፣ ጎኑ ከጎማው እስከ ሽቦዎቹ አራት ጣት ይሰፋል። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ግዙፍ ስለነበር ይችለው ነበር። ላንቺ ሁለት ጣት ይበቃል።”

“እሱ የተወዳደረበትን? ፈጣን ነው ብሎ እኮ ነው የገዛው!”

“ፈጣንማ ነው። ግን ገመድ ላይ አንሶላ ስታሰጪ ነፋሱ የሚያንገላታው ገመዱን ነው አንሶላውን?”

“አንሶላውን ነዋ። ይሄም ጥያቄ ሆኖ!”

“በቃ፣ አንቺ አንሶላ ላይ ነው የተቀመጥሽው። የፊቱን ቸርኬ ከጎን ሲመታው መሪውን ከእጅሽ ይነጥቃል። ካውያው ወገብሽን ይቆርጥ እንደሆነ እንጂ…”

“ስለዚህ የሟቹን ዕቃ አውጥተሽ ጣይ በይኛ!”

“ማን ጣይ አለሽ? የሚያጣምምሽ የፊቱ ነው። የኋላው ከመሪው ጋር ጉዳይ የለውም፤ ይቆይልሽ።”

“ይቆያል?”

“ይቆያል።”

ሴትዮዋ ወንዙን አየች፤ አሁን የምር አየችው። “እንግዲያው የፊቱን ቀይሪልኝ። ያገለገለ እንዳይሆን ደግሞ፤ እሱ አሮጌ ነገር አይወድም ነበር።”

ቀጭን ሆናችሁ ነፋስ በበዛበት የምትነዱ ሁሉ፣ ከሁሉ በፊት የፊቱን ቸርኬ ጎን በጣታችሁ ለኩት። ጎኑ ሲያጥር መሪው ይታዘዛል፣ ትከሻም አይዝልም፣ መኪና ባጠገብ ሲያልፍ ልብ አይከዳም። ሜዳ ላይ ጥቂት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል።

በሚቀጥለው እሁድ ነፋሱ አቧራውን እያስነሳ ልብስ ሰፊዋ ድልድዩን ተሻገረች፤ ነፋሱ አዲሱን ቸርኬ ትንሽ ገፋ አደረገው እንጂ አልጣላትም። የእህቷን በር ከፍታ ገባች።

“በዚህ ነፋስ?” አለች በሽተኛዋ ከአልጋዋ ቀና ብላ።

“በዚህ ነፋስ። እስከ ዛሬም ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።”

“ታዲያ እንዲህ አትይኝም፣ አንቺ ጅል!” አለችና እህቷ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።