ስዊዙን ዌርሃውስ ላስቀጥረው ስል

በኮሮናው ጊዜ ነው፤ ኮሎምበስ ታክሲ ስነዳ ኢስተን የሚባል ሰፈር ካለ ሆቴል በር ላይ ቁም ሳጥን የሚያክል ፈረንጅ ጫንኩ። ወደ ኤርፖርት ነው። ውሃ ሊጠጣ ማስኩን ዝቅ ሲያደርግ በመስታወት አየሁት፤ የፊት ጥርስ የሚባል ነገር የለውም! «ወንድሜ፣ ማነው እንዲህ ያደረገህ?» አልኩት። «ሥራዬ ነው» አለኝ። ለካ ከስዊዘርላንድ የመጣ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነው። «ጎል ታገባለህ?» ስለው «ብዙም አላገባም፤ ሌላው ሲመታ ፊቱ እቆማለሁ» አይለኝም! እንደ ኳስ የሚመቷት ድንጋይ የመሰለች ጎማ እየበረረች ስትመጣ በገላው ያግዳል ማለት ነው። እሱም ሳያንስ፣ ጠዋት የቡድኑ አለቆች ኮል አድርገው ለሌላ ከተማ ቡድን ትሬድ አድርገውታል፤ እንደ ዕቃ በሌላ ተጫዋች ለውጠውታል። ሳይጠይቁት! ሚስቱ ገና ዕቃ እየሸከፈች ነው።

እኔ ደግሞ ሥራው ያስመረረው ሰው ሳይ አያስችለኝም። እዚህ አገር የተቸገረ ሁሉ መጀመሪያ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን አይደል የምናስገባው? «ስማኝ፣ ይሄን ነገር ተወው» አልኩት። «ግሮቭፖርት ያለው ዌርሃውስ እየቀጠሩ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ የአገሬ ልጅ ነው፣ ዛሬውኑ አናግርልሃለሁ። ማንም አይመታህም፣ ማንም ከከተማ ከተማ አይወረውርህም።» ኤርፖርት ደርሰን ሻንጣውን ካወረድኩለት በኋላ ጠጋ ብሎ «የጥርስ ኢንሹራንስ አለው?» አለኝ፣ ከምሩ።

«አለው» አልኩት፣ «ግን ከመቀጠርህ በፊት የወለቀውን አይሸፍንም።»

ሻንጣውን አንስቶ ወደ አዲሱ ቡድኑ ሄደ።