መሬት ያልፈጨችው

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት የተተረተው ለጋሽ አረጋዊ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጋዜጣ የጠቀለሉትን ነገር በኮታቸው ሸሽገው ከጓሮ ወደ ቤት ሲጣደፉ፣ በግቢው በር ከገባችው ከጁወይሪያ ጋር ፊት ለፊት ተላተሙና ጥቅልሉ ተዘርግፎ በልጅቷ ጫማ ላይ ፈሰሰ። የፈሰሰው ሽሮ ወይም ስኳር ቢሆን ወሬም ባልሆነ። አፈር ነበር።

ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ጀርባ ሱሪ ያሳጠረ፣ ኮት ያስጠበበ ሁሉ ጋሽ አረጋዊን ያውቃቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፍተው አሁን ዓይናቸው ቢደክምም ምላሳቸው አልደከመም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። በቅርቡ ግን አንድያ ልጃቸው ሰገን የበኩር ልጇን ልትወልድ ከጎተራ ኮንዶሚኒየም ወደ አባቷ ቤት መጣችላቸውና ቤቱ እንደገና ቤት ሆነ። ጁወይሪያ የጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ሐሚድ ልጅ፣ የሰገንም አብሮ አደግ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አፈር ተምራ በአንድ ላብራቶሪ አፈር ትመረምራለች። ስለ አፈር ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ለምን እንዳስፈለገ ግን ጋሽ አረጋዊ እስከዚያ ቀን ድረስ አልገባቸውም ነበር።

«ውይ ጋሼ፣ ይቅርታ! አላየሁዎትም። ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደል ልጄ። አፈር ነው።»

«እሱማ አየሁት። ማለቴ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ወደ ቤት የሚገባው ለምንድን ነው?»

ጋሽ አረጋዊ ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰገን አምሯት ነው። ትናንት ቀመስ አደረገች፤ ዛሬም ጠየቀችኝ። ለባሏ እንዳትነግሪብኝ፣ የዘመኑ ሰው ነው፣ ይስቃል።»

ጁወይሪያ አልሳቀችም። «ከየት ነው የወሰዱት?»

«ከጎመኑ መደብ አጠገብ፣ ከጥጉ።»

«ባትሪ ሠሪው ወልዱ ተከራይቶት ከነበረው ጥግ?»

«ከዚያው። ከግቢው ሁሉ ጥሩ አፈር ያለው እዚያ ነው፤ ጥቁር፣ ልስልስ ያለ።»

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ይሄን አፈር አይስጧት» አለች ልጅቷ ቃሏን እያለሳለሰች። «ወልዱ እኮ የአሮጌ መኪና ባትሪ ሆድ ዕቃ እያወጣ እርሳሱን በመጥበሻ ሲያቀልጥ እኔና ሰገን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆመን እናይ ነበር። የመጻፊያውን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ ከባዱን፣ ብረት መሳዩን ነው። ሲያቀልጠው የሚረጨውም የሚበንነውም እዚሁ ነው የቀረው። እርጉዝ ስትበላው ደሟ ውስጥ ይገባል፤ ከደሟ ወደ ሕፃኑ ያልፋል። የሕፃን አእምሮ ገና ሲሠራ ነው የሚያበላሸው።»

ሽማግሌ ሲደነግጥ ይቆጣል። ጋሽ አረጋዊም ተቆጡ።

«እርጉዝ ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት እንደሚወጣ አልተማራችሁም? ሰገንን ስታረግዝ እናቷ የበላችው ከዚሁ ጓሮ ነው! እናትሽም ትቀምስ ነበር። ግቢና ጠይቂያት!»

«እጠይቃታለሁ። ግን ሰገን ስትወለድ ወልዱ እዚህ ነበር?»

ጋሽ አረጋዊ ዓመቱን በልባቸው ቆጠሩ። ወልዱ የመጣው ሰገን ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ሰው ግን በአንድ ጥያቄ አይረታም፤ በተለይ ጎመን ያለው።

«ጎመኑንስ አታዪውም? እጄን የሚያህል ቅጠል! አፈሩ የታመመ ቢሆን እንዲህ ይለመልማል? ጎመን በጤና ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ችግሩ ጎመኑ ብቻ መጥቶ ጤናው ሊቀር ነው። እርሳስ ጎመኑን አይገድለውም። አቧራው ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል፣ ጥቂቱም በሥሩ ይገባል። ጎመኑ አፍ የለው፣ አይነግርዎት። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ደለሉ በቦዩ ወርዶ ወንዝ ይገባል። በዚያ ወንዝ ውሃ ከታች ያሉ ሰዎች ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣሉ። እሱን ገዝተን የምንበላው መልሰን እኛው ነን።»

«ስሚ ልጄ» አሉ ጋሽ አረጋዊ፤ አሁን ዋናውን ሊናገሩ ነው። «መሬት ሁሉን ትፈጫለች። የበሬ አጥንት ቅበሪ፣ አፈር ይሆናል። ሰውም ሲሞት አፈር ይሆናል። ወልዱ ከሄደ ስንት ክረምት አለፈ! የእሱን ቆሻሻ መሬት ድሮ ፈጭታ ጨርሳዋለች። መሬት የማትፈጨው ነገር ካለ አሳዪኝና በቃ፣ አምናለሁ።»

«ዶማ አለዎት?» አለች ጁወይሪያ።

ዶማውን አመጡ። ልጅቷ ልቆፍር ስትል «የሰው ልጅ አስቆፍሬ ምን ሊባል!» ብለው ኮታቸውን አወለቁና ራሳቸው ጀመሩ። በመጀመሪያ የወጣው ወልዱ ጥሎት የሄደው የእንጨት ሣጥን ነበር፤ ዶማው ሲነካው እንደ በሶ ተበተነ። ጋሽ አረጋዊ ደስ አላቸው። ቀጥሎ ሚስማር ወጣ። በጣታቸው ሲጫኑት እየተቀረፈ ዱቄት ሆነ።

«አየሽ? እንጨቱም ብረቱም! መሬት እንዲህ ናት!»

«ይቀጥሉ ጋሼ።»

ትንሽ እንደ ቆፈሩ አንድ ግራጫ እንክብል ብቅ አለ፤ ከሽምብራ ከፍ ይላል። ጁወይሪያ በቁልፏ ጫፍ ፋቅ ስታደርገው ዛሬ ጠዋት የቀለጠ ይመስል ቦግ ብሎ አበራ። ጋሽ አረጋዊ ተቀብለው በመዳፋቸው ሲመዝኑት እጃቸው አወቀው። ወደ ቤት ገብተው ከመቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ድብልብል ነገር ይዘው ወጡ። ጎመኑን የተከሉ ጊዜ ከዚሁ ጥግ አግኝተውት ጨርቅ ሲቆርጡ እንዳይንሸራተት ይጭኑበት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዟቸው። ቀለማቸው አንድ ነው፤ ክብደታቸውም የአንድ እናት ልጆች ያስመስላቸዋል።

«ይሄ እኮ ከጠረጴዛዬ ተለይቶ አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «መቀሴ ስንት ጊዜ ተሞረደ። እሱ ግን ያው ነው።»

«አዎ ጋሼ። አይበሰብስም፣ አያልቅም። እየደቀቀ አፈር ይመስላል እንጂ አፈር አይሆንም።»

ይህን ጊዜ የቤቱ በር ተከፈተና ሰገን ወገቧን ይዛ ብቅ አለች። «አባዬ፣ የታለ? ምራቄ ሞላ እኮ!»

ጋሽ አረጋዊ ለልጃቸው እምቢ ብለው አያውቁም። እናቷ ከሞተች ወዲህማ እምቢ የሚለውን ቃል የረሱት ይመስል ነበር። የሕፃኑን ልብስ ባሏ ገዝቷል፣ ሐኪም ዘንድ የሚወስዳትም እሱ ነው። ከአባቷ የጠየቀችው ይህን እፍኝ አፈር ብቻ ነበር። የድብልብሏን ክብደት በእጃቸው ይዘው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ሆዷን አዩ።

«የለም» አሉ። «የለም ልጄ፣ አልሰጥሽም። መሬት መፍጨት ያቃታትን የልጅሽ ሆድ አይፈጨውም።»

ሰገን አኮረፈች። ጁወይሪያ ግን እጇን ይዛ፣ ደም ሲያንስ አንዳንድ እርጉዝ አፈር እንደሚያምራት እያጫወተች አሳቀቻት። በማግስቱ ሦስቱም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። እንደተባለውም ደሟ አንሶ ተገኘ። ሐኪሙ የደም ማነሱን ኪኒን አዘዘላት፤ የቀመሰችውን ሰምቶ ደሟን ወደ ትልቅ ላብራቶሪ ልኮ ለእርሳስም አስመረመረ፤ ውጤቱ ሲመጣ የሚያሰጋ አልነበረም። «ደግነቱ በጊዜ ተዋችሁት» አላቸው። ጋሽ አረጋዊ ከዚያ ወጥተው ኡራኤል ደጅ ሲደርሱ ቆመው ረጅም ጸሎት አደረሱ። ብዙም ሳይቆይ ሰገን አፈሩን ረስታ ሎሚ አማራት። ሎሚማ ሞልቷል!

ከዚያ በኋላ ያለውን ጋሽ አረጋዊን ያየ ይመስክር። ከየጥጉ የተወሰደው አፈር በጁወይሪያ ላብራቶሪ ተመረመረና የወልዱ ጥግ በእርሳስ የተበከለ መሆኑ ታወቀ። ጥጉን በንጣፍ ድንጋይ አስሸፈኑት፤ አቧራው አይነሳም፣ ጎርፉም አይወስደውም። ያን የመሰለ ጎመን ነቅለው ሲጥሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ግን ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ቦታ በመጣ አፈር ሣጥኖች ሞልተው እንደገና ተከሉ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ድብልብሏም ከጠረጴዛው ተነሥታ ክዳን ባለው ጣሳ ገባች። ዕድር ላይ ስለ መዋጮ ሲወራ ጣሳውን አውጥተው ስለ አሮጌ ባትሪ ይሰብካሉ። «ሰው ጓሮ እንዳይቀልጥ! ለሚያውቅ፣ ለሚረከብ ስጡት!» ይላሉ። የሰለቸውም ቢሆን ሰምቶ ይሄዳል፤ ከሰሚዎቹም አንዳንዶቹ ጓሯቸውን ለማስመርመር ጁወይሪያን ደጅ መጥናት ጀምረዋል።

ሰገን ሴት ልጅ ወለደች። ጁወይሪያ ልትጠይቅ ስትገባ ጋሽ አረጋዊ ሕፃኗን አገላብጠው ጀርባዋን፣ ክንዷን፣ ከጆሮዋ ኋላ ሳይቀር ሲመረምሩ አገኘቻቸው።

«ምን ጠፋብዎት ጋሼ?»

ጋሽ አረጋዊ እንደ ተያዘ ሌባ አፈሩና ሳቁ። «ምልክት ነዋ! እናቷን አምሯት ከልክያት የለም?»

«እና አገኙ?»

«አንድም የለም።» ሕፃኗን በነጠላዋ መልሰው ጠቀለሏት። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ጁወይሪያን ቀና ብለው አዩዋት። «አየሽ ልጄ፣ የከለከልኳት ምንም ምልክት አልተወም። ብሰጣት ኖሮ የሚተወው ምልክት ግን እንዲህ አገላብጬ የማየው አልነበረም።»

ሕፃኗም አዛጋችና በአያቷ እቅፍ ተኛች።